መልሺው

ሥጋ ቆራጭ ነኝ። ሴት ሥጋ ቆራጭ አይቶ የማያውቅ ደንበኛ ሱቄ ይገባና «ባለቤቱ የለም እንዴ?» ይለኛል። «አለ፣ እዚያ መንጠቆው ላይ ነው» እለዋለሁ። የሚስቅም አለ፣ ወደ በሩ የሚያይም አለ። በሰፈሩ ስሜ ጉልቤዋ ነው። ይህ ስም የወጣልኝ ባሌን ያባረርኩ ቀን ነው። እሱን ሳልነግራችሁ ወደ ልጄ ብሄድ ነገሩ አይገባችሁም።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሥራ አምስት ቀን መንገድ ላይ ይሰነብትና ሲመለስ የመንገዱን ንዴት ሁሉ እኔ ላይ ያራግፋል። እኔም ብሆን እጄን አጣጥፌ የምመታ ሴት አልነበርኩም። እሱ ጥርሴን ሲያወልቅ እኔ ጎድኑን እሰብራለሁ፤ እሱ ፀጉሬን ሲይዝ እኔ ጣቱን እነክሳለሁ። ቤታችን ውስጥ ሳህን ሁለት ወር አይቆይም ነበር። ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግርግሩ ሲጀመር ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፣ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ ትላለች፣ አታለቅስም። የመጨረሻው ቀን የቀበቶውን ዘለበት ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። ደሙ አንገቴን ሲያሞቀው ይሰማኛል። የአጥንት መስበሪያውን መዶሻ አነሳሁና ትከሻው ላይ አወረድኩት። አጥንት ሲሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ፣ በቀን ሃያ ጊዜ እሰማዋለሁ። አንድ እጁን በሌላው ተሸክሞ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ልጄን ከጠረጴዛው ሥር አወጣኋት። ጆሮዬ እየደማ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አየሽ» አልኳት፤ «ዱላ ብድር ነው። የመታሽ ካለ መልሺው።»

ያን ዕለት ትልቅ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። ልጄ ቀጭን ናት፣ ጭራሮ ነው የምላት። ይቺ ጭራሮ ጓጉንቸር ቁልፍ ካልሲ ውስጥ ከታ የክፍሏን ልጅ ፊት ደብድባለች። «ምን አድርጋት ነው?» ብል «ገፍትራት» አሉኝ። ልዋሽ አልችልም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እሰይ የኔ ልጅ አልኩ በሆዴ። በኋላ የተመታችውን ልጅ አሳዩኝ። አፍንጫዋ ወደ ጎን ሄዷል፣ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ጥርሷ ይታያል። ሥራውን አወቅኩት፤ የእኔ እጅ ነው። ዞር ብዬ ልጄን ሳያት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ያኔ ፈራሁ። በሕይወቴ ቢላዋም ባልም ፈርቼ አላውቅም፤ የልጄን ፀጥታ ግን ፈራሁ። እኔን እንዳትሆን ፈራሁ።

የስፖርት አስተማሪው እዚያው ነበሩ። ሸምገል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ለእኔ ስጪኝ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጓት?»

«ቀስት አስተምራታለሁ። ለውድድር።»

«ጋሼ፣ በቁልፍ ይህን ያደረገች ልጅ ቀስት ይሰጣታል?»

አልሳቁም። «መምታቱን በአንድ ወር ትለምደዋለች» አሉ፤ «አለመምታቱ ዓመታት ይፈጃል። እኔ የምፈልጋት ለእሱ ነው።» ነገሩ ብዙም አልገባኝም። የተዘረጋልኝ እጅ ግን የእሳቸው ብቻ ነበርና እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ልያት ሄድኩ። ሜዳው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው፣ በሽቦ ታጥሯል። ገና ሳልደርስ የአስተማሪው ድምፅ ተሰማኝ። «መልሺው፣ መልሺው አልኩሽ» ይላሉ። ደሜ ፈላ። አንዱ ልጄን እየመታት፣ እሳቸው ቆመው ያዋጓታል ብዬ፣ ደም የነካው ሽርጤን እንደታጠቅኩ አጥሩን ዘለልኩ። ሽርጤ ሽቦው ላይ ተይዞ ቀረ፣ እኔ በአፍንጫዬ ወደቅኩ። ቀና ብል ማንም አልተመታም። ልጄ ቀስቱን ስባ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቆማለች። መልሺው ማለት ለካ የሳብሽውን ጅማት ሳትለቂ ቀስ አድርገሽ ወደ ቦታው መልሺው ማለት ነው።

ልጆቹ ሳቁብኝ። አስተማሪው ግን አፈሬን እስካራግፍ ጠበቁኝና «የልጅቷ እናት» አሉ፤ «እኔ ያሉኝ ቃላት ሁለት ናቸው፣ ልቀቂውና መልሺው። ልቀቂውን ማንም ይችለዋል። ክንድሽ ሙሉ ተስቦ፣ ዒላማው ፊትሽ ቆሞ፣ መመለስ ነው የሚከብደው።»

«በእኛ ቤት መልሺው ሌላ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ነግራኛለች።»

ከዚያ በኋላ የልጄ ሎሌ ሆንኩ ብል ማጋነን አይደለም። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ጆንያ ውስጥ አሮጌ ልብስ ጠቅጥቄ ዒላማ ሠራሁላት። ጅማቱ እየገረፈ ክንዷን ከክርን እስከ አንጓ አበለዘው፤ ከበሬ ቆዳ መከላከያ ሰፋሁላት። «እማ፣ ይሄ ይሸታል» አለች። «በሬው ሳይታጠብ ነው የሞተው፣ ምን ላድርግ» አልኳት፣ ሳቀች። ስትስቅ ማየት ለእኔ ብርቅ ነው። የራሷን ቀስት ለመግዛት ትልቁን ማቀዝቀዣ ሸጥኩ። ወንድሜ «እታለም፣ ሥጋው ሲበላሽ ፍላጻ ትመዝኝላቸዋለሽ?» እያለ ቀለደብኝ። ይቀልድ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጄ ሰው ላይ እጇን አንድ ጊዜ አላነሳችም። የምትወጋው ወረቀት ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አሥራ አራት ሲሞላት አንድ ነገር ያዛት። ትስባለች፣ ታነጣጥራለች፣ ጣቷ ግን አልለቅ ይላታል። ተገትራ ቆማ ላቧ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። አስተማሪው ብዙ ተወዳዳሪ የሚይዝ ነገር ነው አሉ፤ ከኋላ ቆሞ የሚያዛት ሰው ያስፈልጋል። ሰውዬው እኔ ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት፣ ከኋላዋ ቆሜ «ልቀቂው» እላለሁ፣ እሷ ትለቃለች። ቃሉና ጣቷ አንድ ሆኑ። አንድ ቀን የጎረቤት ድመት ጉበት ነጥቃ ስትሮጥ ወንድሜ «አንቺ፣ ልቀቂው» ብሎ ሲጮህባት፣ ልጄ ጓዳ ውስጥ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወጥቶ ተከሰከሰ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አስተማሪው ሲሰሙ አልሳቁም። «ሁለተኛውንም አለማምጃት» አሉኝ፤ «ይቺ ልጅ አንዴ ከሳበች እስካሁን በራሷ መልሳ አታውቅም።» እሺ አልኩ፣ አላደረግኩትም። ዒላማው ላይ ከሆነች ለምን ትመልሳለች ብዬ ነው።

ሌላው ችግር እኔ ነበርኩ። አንድ ውድድር ላይ ልጄ ስትስት የሌላ ልጅ አባት፣ የመኪና ደላላ ነው፣ ሳቀና «የሥጋ ሻጭ ልጅ ቢላዋ ይሻላት ነበር» አለ። የሸሚዙን አንገት ይዤ ፊቱን አግዳሚው ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ አጋጨሁት። ሁለት ጥርስ ወንበሩ ላይ ቀረ። አስተማሪው ለብቻዬ ጠሩኝ። «ከእንግዲህ በውድድር ላይ እጅሽን ካነሳሽ የማስወጣው አንቺን አይደለም፣ እሷን ነው።»  ቤት ስንገባ ልጄ ሁለቱን እጆቼን ያዘች።

«ቃል ግቢልኝ እማ። ማንም ምንም ቢልሽ።»

ገባሁላት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

የምርጫው ውድድር ቀን ደረሰ። ከሃያ ልጆች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወደ ስፖርት ማሠልጠኛ ማዕከል ይገባሉ፣ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ከደም ሽታ ትርቃለች፣ ከእኔም ትርቃለች ማለት ነው። የትኛዋ እናት ልጄ ትራቅልኝ ትላለች? እኔ እላለሁ። ወንድሜን አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ሥራው እኔን መያዝ ነው።

«ብነሳ ቀሚሴን ጎትት።»

«ቢቀደድስ?»

«ይቀደድ።»

ግማሹ ውድድር እንዳለፈ አባቷ መጣ። አምስት ዓመት የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው፣ የልጁ ስም በሰው አፍ ሲገባ ብቅ አለ። አንዱ ትከሻው ዘንበል ብሏል፤ ያም የእጄ ሥራ ነው። መጠጥ መጠጥ ይሸታል። ተመልካቹን የሚከለክለው ገመድ ላይ ተደግፎ «ያቺ ቀጭኗ የኔ ናት፣ የኔ ደም ናት» ይላል ላገኘው ሁሉ። ወንድሜ ቀሚሴን በሁለት እጁ ያዘ።

ልጄ ሁለተኛ ናት፣ አንድ ፍላጻ ቀርቷታል። ሌሎቹ ጨርሰው ከመስመሩ ወጥተዋል። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ቀስቷን አነሳች። «ጭራሮ» ብሎ ጮኸ አባቷ። «አባትሽ መጥቷል፣ ዞረሽ አታይም?» ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አየሁ። ቀስቱን ዝቅ አደረገች፣ እንደገና አነሳች። ጊዜዋ እየሄደ ነው።

«ዝም ላሰኘው ብቻ ነው፣ አልመታም» ብዬ ከወንድሜ እጅ ተላቀቅኩ። እጆቼን ከኋላዬ አቆላልፌ አባቷ አጠገብ ቆምኩ። «ስትጨርስ ታናግራታለህ» አልኩት በቀስታ፤ «አሁን ዝም በል።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «መዶሻሽን የት ጣልሽው?» አለና በጥፊ አጮለኝ። ዓይኔ ተጭበረበረ፣ አፌ ደም ሞላ። ደሙንም ጥፊውንም ዋጥኩት። ጣቶቼ ከኋላዬ ተቆላልፈው እስኪላላጡ ድረስ ተጨባበጡ። አንዲት ፍላጻ ናት፣ አንዲት ብቻ፣ እላለሁ በሆዴ። ልጄ መሳብ ጀምራለች።

ሁለተኛውን በቡጢ ሰነዘረው፣ ያንኑ ጆሮዬን፣ ዘለበቱ ያረፈበትን። ያኔ እጆቼ ተፈቱ። ጉሮሮውን ያዝኩት። አውራ ጣት የት እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ስንት ዓመት አንገት ስከፍት የኖርኩ ሴት ነኝ። እሱ በአንድ እጁ ፀጉሬን ጠቅልሎ በሌላው ፊቴን ይወግራል፤ አፍንጫዬ ሲሰበር ሰማሁት። አልለቀቅኩም። ፊቱ ሲጠቁር፣ ምላሱ ብቅ ሲል እያየሁ ጨመቅኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ እያለኝ ነበር። ቃሌን ረስቻለሁ። ልጄንም ረስቻታለሁ።

ወንድሜ ደርሶ ወገቤን እየጎተተ «ልቀቂው፣ እታለም ልቀቂው፣ ገደልሽው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከመስመሩ በኩል የአስተማሪው ድምፅ መጣ፤ «መልሺው፣ ልጄ፣ መልሺው!» ቀና አልኩ። ልጄ ወደ እኛ ዞራለች። ጅማቱ እስከ አገጯ ተስቧል፣ የፍላጻው ጫፍ እኛ ላይ ነው። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ለቀቀችው።

ፍላጻው ከትከሻው ወረድ ብሎ ገባ፣ ጫፉ በጀርባው ወጣ። ፀጉሬን የያዘው እጅ ተከፈተ። ተንበረከከና ደረቱ ላይ የቆመውን እንጨት አፍጥጦ አየው። ሊነቅለው እጁን ሲሰድ በጎኑ አስተኛሁትና እጁን በጉልበቴ ተጫንኩት። የገባ ነገር ሲነቀል ደሙ እንዴት እንደሚመጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የአንገት ልብሴን በፍላጻው ዙሪያ ጠቀጠቅኩና በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ደሙ ትኩስ ነው፣ በጣቶቼ መሀል እየገፋ ይወጣል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ያነቅኩትን ሰው «እንዳትሞት፣ ስማኝ አንተ፣ እንዳትሞትባት» እያልኩ ለመንኩት። የእኔ አፍንጫ ደም ፊቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አምቡላንስ እስኪመጣ ከላዩ አልተነሳሁም። አልሞተም።

ፖሊስም ዳኞችም ጠየቁ። ልጄ «ልቀቂው ሲባል ሰማሁ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ወንድሜ «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለእህቴ ነበር» ብሎ አለቀሰ፤ የድመቷንና የብርጭቆውን ታሪክ ነገራቸው። አስተማሪው ስለ ሦስት ወሩ ልምምድ መሰከሩ። አባቷም ከአልጋው ላይ ሆኖ ልጄን አልከስም አለ፤ በሕይወቱ አንድ ጥሩ ነገር ቢኖር እሱ ነው። አደጋ ነው ተባለ። ልጄ ለአንድ ዓመት ከውድድር ታገደች፣ ማዕከሉም ቀረ። እኔ ዕድሜ ልኬን ውድድር የሚደረግበት ቦታ እንዳልደርስ ተወሰነብኝ። ብታምኑም ባታምኑም እፎይ ብዬ ነበር። ፍላጻውን የለቀቀው ቃሉ ነው፣ የለመደ ጣት ነው፣ ልጄ አይደለችም እያልኩ ሦስት ሌሊት ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቅ ውስጥ ነን። እኔ አፍንጫዬ ታሽጎ በአፌ እየተነፈስኩ ጎድን እከተክታለሁ፣ እሷ መቁረጫውን ግንድ በጨው ታሻለች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አልኳት። «ያን ቃል ባላስለምድሽ ኖሮ አሁን ማዕከሉ ነበርሽ።»

«የቱን ቃል?»

«ልቀቂውን ነዋ። አጎትሽ ያለውን።»

«እሱ ላንቺ ነው ያለው» አለች፣ ማሸቷን ሳታቆም። «ገብቶኝ ነበር።»

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

«ለእኔ የተባለው መልሺው ነው» አለች። «ጋሼ መልሺው አሉኝ። መለስኩለት።»

«እሳቸው ቀስቱን ነው ያሉሽ» አልኩ። 

«እሱም ገብቶኛል። የእሳቸውንም አውቀዋለሁ፣ ያንቺንም አውቀዋለሁ። አስቤበት ነው እማ። ያንቺን መረጥኩ።»

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ፍርሃት ነው መሰለኝ፣ የእኔ እጅ ግን ለፍርሃትም ለንዴትም የሚያውቀው መልስ አንድ ነው። ክንዴ ተነሳ፣ መዳፌ ተከፍቶ እስከ ጆሮዬ ድረስ ሄደ። አልሸሸችም። ጨው የነካ እጇን ግንዱ ላይ እንዳደረገች ቀጥ ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከጠረጴዛው ሥር ካወጣኋት ቀን ጀምሮ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

«መልሺው» አለችኝ፣ እንደ አስተማሪዋ ቀስ ብላ። «እማ፣ እጅሽን መልሺው።»

እንደዚያ ቀረሁ፣ ክንዴ ሙሉ ተስቦ፣ ፊቷ ፊቴ ቆሞ። ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ይሄኛው ይከብዳል። ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ ያ ጆሮዬ ይጮኻል። እጄ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ዝቅ አለ። ልጄ እስከ መጨረሻው በዓይኗ ተከተለችው። ግንዱ ላይ፣ ከእጇ አጠገብ፣ ጨው ውስጥ አሳረፍኩት። የተላጡ ጣቶቼን ጨው አቃጠላቸው፤ እጄን ግን አላነሳሁም።